ጋሼ አሳምነው ፒያኖ ሲፈተኑ

የሄራን ዕጣ በጋሼ አሳምነው ጣቶች ላይ ተንጠልጥሏል። ለፈተና ያቀረበቻቸው የመጀመሪያ ተማሪዋ ናቸው። ካለፉ ፒያኖ ማስተማሯን ትቀጥላለች፤ ከወደቁ ግን ሳንታ ሞኒካ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ልትሆን ለእናቷ ቃል ገብታለች። እናቷ ደግሞ ዩኒፎርሙን ከወዲሁ አስለክታታለች!

ጋሼ አሳምነው ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ጣታቸው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ወገባቸው ነው፤ ሰው ሲገባ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ሄራን የምታስተምረው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ የሐበሻ ቅመማ ቅመም ሱቅ ጓሮ ስለሆነ፣ በርበሬ ፈላጊ በሩን ከፈት ባደረገ ቁጥር ጋሼ ዜማውን እዚያው ጥለው ብድግ፤ «ኖር!»

«ጋሼ፣ ፈተናው ላይ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ስቶፕ እንዳያደርጉ!»

«ኦኬ መምህርት። ግን እንዴት ሰው ቆሞ እኔ እቀመጣለሁ?»

የፈተናው ቀን ሄራን የፈተናው ክፍል በር ላይ ዘብ ቆመች። ልጇን ይዛ የተጠጋችውን እናት በክንዷ አገደች፤ ውሃ ይዞ የመጣውን ሰውዬ በዓይኗ መለሰችው። ከውስጥ ዜማው ይፈስሳል። ግራ እጃቸው አልዘገየ፣ ቀኛቸው አልቸኮለ። እሰይ! ደስታው ራሷ ላይ ወጣ። ምን መስለው ይሆን ብላ በሩን በስሱ ገፋ አደረገችው።

ዜማው ቀጥ አለ።

«ኖር፣ መምህርት!» ጋሼ ተነሥተው እጅ ነሡ።

«በእግዚአብሔር!» አለች፣ ምላሷ ሳያማክራት። ፈታኟ አሮጊት ፈረንጅ ናቸው፤ ነገሩ ግራ ቢገባቸው እሳቸውም ብድግ አሉ። ሦስት ሰው ቆሞ ይተያያል።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ ፈታኟ በእንግሊዝኛ።

«አስተማሪዬ ገቡ» አሉ ጋሼ፣ ከዚህ ሌላ ምን ይባላል በሚል ፊት።

ሄራን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ግን እንዲህ ደስ ብሏትም አያውቅም። እናቷ እንኳ አንድ ቀን አስተማሪ ብላ አልጠራቻትም። ፈታኟ ሳቃቸውን በመሐረብ ይዘው «ይቀጥሉ» አሏቸው። ሄራን በሩን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ አፏን አፍና ሳቀች፤ ጋሼም ካቆሙበት ቀጥለው ዜማውን ከዳር አደረሱት።

ውጤቱ መጣ። ስላቋረጡ ነጥብ ተቀንሶባቸዋል፤ ግን አልፈዋል! ሄራን እየዘለለች ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ጋሼ አሳምነው ፓስ አደረጉ! የሆቴሉን ነገር ካንስል አድርጊልኝ!»

እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ሶ... ቅዳሜ ባዶ ሰዓት አለሽ?»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል፣ ለኔ ነዋ! አሳምነው የቻለውን እኔ ያቅተኛል?»