እኔ ነኝ የበላኋት

ይህችን የተጣመመች ክንዴን የሰበራት የገዛ ልጄ ጥሩሰው ነው። አምቦ ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ ወድቄ ነው እላለሁ። ወድቄ አይደለም። እኔ እታገኝ በአንዲት አራስ ላይ የሠራሁትን ሥራ ሰምታችሁ፣ እሰይ፣ ደግ አደረገሽ በሉኝ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ጥሩሰው አውራጃ ግቢ ጸሐፊ ሳለ አመዩ የምትባል ልጅ ከእጃጂ አገባ። ልጅት ዝምተኛ ነበረች፤ እኔ ደግሞ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እያልኩ ነገር እፈልጋታለሁ። እንደ አገሯ ወግ የአማት ስም በአፏ አይዞርም፤ ዓመት ሙሉ «እማማ፣ እርስዎ» እንዳለችኝ ነው። ስታረግዝ እናቷ አደ ሌሊሴ መጥታ፣ «የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፣ ልውሰዳት» ብላ ለመነችኝ። እኔ ምን አልኩ? «የኔ የልጅ ልጅ ከጥጃ ጋር አይወለድም!» ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።

ሴት ወለደች። እልል ሊሉ የመጡትን ጎረቤቶች፣ «ለሴት ልጅ ብላችሁ ነው ጉሮሯችሁን የምታደርቁት?» ብዬ አሳቅኋቸው። አመዩ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። በሳምንቱ አደ ሌሊሴ ቅቤና የገብስ ዱቄቷን ተሸክማ ከተፍ አለች። አመዩ «አዮ! አዮ!»፣ እናቴ እናቴ እያለች በአገሯ ቋንቋ፣ እናቷ ደረት ላይ ተንሰቀሰቀች። የአራስ እንባ ጡት ያደርቃል ብዬ ሴትዮዋን በዚያው ቀን በአውቶቡስ መለስኳት። ቅቤውን ግን አስቀረሁት።

ከዚያ ወዲያ አመዩ ጠፋች። አካሏ አልጋው ላይ ነው፣ እሷ የለችም። ገንፎው ይደርቃል፣ ሕፃኗ ትጮኻለች፣ እሷ ግድግዳ ታያለች። «ተነሽ! ስንቱ ወልዷል!» እላታለሁ። አንድ ቀን በጥፊ አጮልኳት። ጥሩሰውም «የሴት ነገር ነው» እያለ በበሩ አልፎ ወደ ቢሮው ይሄዳል። በሠላሳኛው ቀን ጠዋት ልጇን አቅፋ ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ ቆማ ልብስ አጣቢዎች አገኟት። ውሃው ከጉልበቷ አልፎ ነበር።

«ቡዳ በልቷታል!» አልኩ እኔው ራሴ። የጠረጠርኩትም ጎረቤታችንን ሸክላ ሠሪዋን ወሰንየለሽን ነው፤ ምንም ያላደረገችኝን ሴት። ከጊንጪ ደብተራ እንግዳወርቅን አስመጣሁ። ጥሩሰው ዱላውን ይዞ፣ «ስሙ የተጠራውን ሰው አጥንቱን እሰብረዋለሁ!» ብሎ ማለ። ሰፈርተኛው በር ላይ ተኮልኩሎ የወሰንየለሽን ስም ይጠብቃል።

ሁለት ጎረምሶች የአመዩን ክንድ ወደ ኋላ ጠመዘዙ። ደብተራው ፍሙ ላይ በርበሬ በትኖ፣ አመዩን በጋቢ ሸፍኖ ጭሱ ላይ ደፋት። ጮኸች። አሳላት፣ አስመለሳት። አለንጋው ጀርባዋ ላይ ወረደ። ወተቷ ፈሶ ቀሚሷን አርሶታል።

«ማነህ? ማን በላት? ስም ጥራ!» አለ ደብተራው።

«እናቴን... እናቴን...» አለች።

«በርበሬ ጨምሩ!» ያልኩት እኔ ነኝ።

አራተኛው አለንጋ ሲያርፍባት፣ «እታገኝ!» አለች። «የበላችኝ እታገኝ ናት! እታገኝ!»

አመዩ ስሜን ጠርታ አታውቅም፣ ነፍሷ ብትወጣም አትጠራም። ስለዚህ የለፈለፈው በላይዋ ያለው ነው ብሎ ሰው ሁሉ አመነ። ደብተራው ወደኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ ወጉን ያውቁታል፤ የበላ ሰው እንትፍ ካላለባት ጭሱ አይነሳም» አለኝ።

«እኔ? የባላምባራስ ልጅ ቡዳ?» ብዬ አገር ይያዝልኝ አልኩ። አመዩ ጭሱ ውስጥ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ እኔ ስለ ዘሬ እከራከራለሁ!

«እማዬ፣ እንትፍ በይባት፣ ልትሞትብኝ ነው!» አለ ጥሩሰው።

«አልልም!»

ዱላው ክንዴ ላይ አረፈ። አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። በፊቴ ተደፋሁ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። የወደቅሁት አመዩ አጠገብ ነበርና ከጋቢው ሥር ደም የመሰለ ዓይኗን አየሁት። «እማማ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ምንም የለብኝም። እናቴ ጋ ይውሰዱኝ።»

ወይ ጉድ! ምን ሰይጣን አለባትና፣ ሰይጣኗ እኔ ነበርኩ። አሁን እንትፍ ብል ጭሱ ይነሳል፤ ነገ ግን ያው አልጋ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው እኔ። ተንፏቅቄ ተነሣሁና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

«አዎ! እኔ ነኝ የበላኋት! ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ካልገባች አልለቃትም! ዛሬውኑ ካልሄደች ሁለቱንም እጨርሳቸዋለሁ!»

ምራቄ ደርቋል፤ አፌ ውስጥ የነበረው ደም ነው፤ እሱኑ እንትፍ አልኩባት። ጭሱ ተነሣ። ሴቶቹ ከኔ እየሸሹ አመዩን አለበሷት፣ ሕፃኗን አሳቀፏት። ከቀትር በፊት በእጃጂ በሚያልፈው የነቀምት አውቶቡስ ተሳፈረች።

አመዩ ዳነች። ጥሩሰውም ተከትሏት እጃጂ ገባ። እዚህ ልጅ ያዘለች ሴት እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ደጄን የምትረግጠው ወሰንየለሽ ብቻ ናት፤ በዚህ ክንዴ ውሃ መቅዳት ስለማልችል እሷ ትቀዳልኛለች።

ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ ከአመዩ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ፊቷ ሞልቷል፣ ወንድ ልጅ አዝላለች። «እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ» ብላ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔም ልጁን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው። ቡዳ አለመሆኔን ከዚህ ሁሉ ሰው እሷ አንዷ ታውቃለች። የሸፈነችው ከቡዳ አይደለም፣ ከኔ ነው።