ፕሮጀክተር ለአቡጀዲ ኮርኒስ

ወይዘሮ አስካለማርያም በዕድሜያቸው በጀርባቸው ተኝተው አያውቁም። ሲተኙ በጎናቸው ነው፤ ያውም አንድ ጆሯቸውን ወደ በሩ ጥለው። በጥቅምት ውርጭ የጓሮው ድንጋይ አዳልጧቸው ጭናቸው ሲሰበር ግን ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው። «ልብዎ ቀዶ ሕክምና አይችልም። አጥንቱ እስኪገጥም በጀርባዎ ይተኛሉ። ከዚያ በፊት ከተነሱ መራመድን ይርሱት» አለና እግራቸውን በገመድና በክብደት ወጥሮ ደብረ ብርሃን ወዳለው ቤታቸው ሸኛቸው።

ጥቂት ቀን ታገሡ። ከዚያ አመፁ።

«ለኅዳር ሚካኤል እነሳለሁ» አሉት ልጃቸውን። «አንኮበር ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም። አባትህ ካረፈ ወዲህ እንኳ አንድ ዓመት አላስታጎልኩም።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?»

«ሐኪሙ መጥቶ እዚህ ይተኛና ይየው! ቀን አቡጀዲ፣ ሌት አቡጀዲ። ሰው እንዴት ኮርኒስ እያየ ይከርማል?»

ቴዎፍሎስ እናቱ ነገር ሲናገሩ ለማስፈራራት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አባቱን ቄስ ገብረ ሕይወትን ያገቡትም ቤተሰቦቻቸው እንቢ ሲሉ በእግራቸው ከቤት ወጥተው ነው። ቴሌቪዥን ቢያመጣላቸው አንገታቸውን ቀና ማድረግ አይችሉም። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያየው። ነጭ፣ የተወጠረ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የደረሰ ጨርቅ። ፕሮጀክተር ቢኖር ሌላ ሸራ አያሻውም ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ክፋቱ የመጣው ለቴዎፍሎስ መሆኑ ነው። ፖላንድ ስድስት ዓመት ተምሮ የተመለሰው ይህ ልጅ አንድ ካልሲ ለመግዛት እንኳ ሦስት ሱቅ የሚዞር፣ ከገዛ በኋላም ሌላውን ባመጣሁ ኖሮ እያለ የሚያድር ሰው ነው። ከሕክምናው የተረፈችው ገንዘብ ደግሞ ስሕተት የምትችል አልነበረችም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ተተክሎ የሰው አስተያየት ማንበብ ያዘ። አንዱ ያወደሰውን ሌላው ያጥላላዋል። ቀኑ ሄደ፤ ኅዳር ገባ።

በመጨረሻ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የሳሌም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባ። ለአቅሙ የሚሆኑ ሁለት ነበሩ። አንዱ ትልቅ፣ ከአንድ የስብሰባ አዳራሽ የወጣ አሮጌ፤ ሌላው አዲስ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ።

«የትንሹ ብርሃን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው?» አላት።

«ካርቶኑ እንደዚያ ይላል።»

«ካርቶን ይዋሻል።»

«ታዲያ እኔን ምን አደከምከኝ? ወይ ካርቶኑን እመን፣ ወይ እኔን እመን፣ ወይ ሻማ ገዝተህ ሂድ።»

«ትልቁስ? አምፖሉ ቢቃጠል መለዋወጫ ይገኛል?»

«አይገኝም» አለች ሳሌም፤ ከዚያ ፊቱን አየችና ለዘብ አለች። «ስማኝ፣ እኔን ያጠመቁኝ አባትህ ናቸው። ላፕቶፕህን አስይዝና ሁለቱንም ውሰድ። ነገ አንዱን መልስልኝ። አንዱን ነው ያልኩህ! ሁለቱንም ይዘህ እንዳትመጣ።»

ነገ ማለት የሚካኤል ዋዜማ ነበር።

በማግስቱ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ወንበር አስቀምጦ መጀመሪያ ትልቁን ሞከረ። እውነትም ብሩህ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ እያለ ኮርኒሱ ቦግ አለ። ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲያቆመው ማራገቢያው ታፈነና እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር፤ ጋለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተና ድርግም አለ። አቀዝቅዞ ደገመው። ያው ነው።

«አረፈ?» አሉ እናቱ።

«አረፈ።»

ትንሹ አያጓራም፤ ብርሃንም የለውም። በቀን ብርሃን ኮርኒሱ ላይ ምንም አይታይም። ቴዎፍሎስ ሁለት የሱፍ ብርድ ልብስ አምጥቶ መስኮቶቹን በምስማር ሸፈነ፤ በሩን ዘጋ። ከዚያ የአክስቱ ልጅ ከአንኮበር በቴሌግራም የላከለትን ያምናውን ማሕሌት ከፈተ። አቡጀዲው ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ብቅ አሉ፤ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ የሚወዛወዙ። ዜማው ወፍሮ ቤቱን ሞላው።

እናቱ ዓይናቸውን አጥብበው ፊቶቹን ተራ በተራ አዩ።

«ያ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አይደለም? ምነው እንዲህ ገረጣ?»

«መሣሪያው ደካማ ስለሆነ ነው። ይሄ አይሆንም እማዬ፤ እመልሰዋለሁ።»

«ተው፣ አትንካው! ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው ቢገረጣ ምን ይገርማል?»

ቴዎፍሎስ አላመነም። እሳቸው እያዩ እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ትንሽ ገንዘብ ተበድሮ ቢጨምር የሚያገኘውን ሦስተኛ ዓይነት ስልኩ ላይ መፈለግ ጀመረ። ውጭ ምን እየሆነ እንዳለ አላወቀም።

ውጭ የሆነው ይህ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ የውብዳር ከገበያ ሲመለሱ የአስካለማርያም መስኮቶች በጠራራ ፀሐይ በብርድ ልብስ ተሸፍነው አዩ። ቆም አሉ። ከተዘጋው ቤት ውስጥ የካህናት ዜማ ይሰማል፤ አንድ ሁለት ሳይሆን የብዙ ካህናት። የቄስ ሚስት ናትና ካህናቱ ቀድመው ደርሰው ፍትሐት ጀምረዋል ማለት ነው። ሽንኩርታቸውን እዚያው ደጃፍ ጥለው በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ፈንታሁን ሮጡ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ አስካለ! ወይኔ እህቴ! ሳትሰናበቺኝ!» እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ተከተሉ፤ ከሴቶቹ ኋላ ደግሞ አቶ ፈንታሁን የድንኳኑን ሸራ ተሸክመው።

«ማን ሞተ?» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ከአልጋቸው።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«አንቺ» አሉ እትዬ የውብዳር።

«እኔ?»

«መስኮትሽ ተዘግቶ... ካህናቱ...» ሴትየዋ አልጋው ላይ አጎንብሰው አዩዋቸው፤ ሌሎቹም አጎነበሱ። «ከስታለች እኮ! ፊቷን አያችሁት? ደግሞ ልጁ በጨለማ ዘግቶባት!»

ወይዘሮ አስካለማርያም ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንዲህ ነው!» አሉ። «ከወደቅኩ ጀምሮ እንዲህ ነው! ከላዬ ቆማችሁ፣ እኔ እንደሌለሁ ስለ እኔ ታወራላችሁ። ሞታለች ብትሉ ምን ይገርማል! በቃ፣ ቆሜ እዩኝ!» ሁለቱን ክርኖቻቸውን ፍራሹ ላይ ተከሉ። ገመዱ ተወጠረ፤ ክብደቱ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨ።

«እማዬ!» ቴዎፍሎስ ስልኩን ጥሎ ትከሻቸውን ያዘ።

«ልቀቀኝ!»

ጉልበታቸው አስደነገጠው። ሊይዛቸው ቢታገል አጥንቱ ይናጋል፤ ቢለቃቸው ይነሳሉ። የሚያስብበት አንድ ደቂቃ እንኳ አልነበረውም።

«እትዬ የውብዳር፣ ይተኙ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን?»

«መሬት ላይ! በጀርባዎ! እባክዎ!»

እትዬ የውብዳር በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከልጅ አፍ ሰምተው አያውቁም፤ ግን ገመዱን አዩ፣ የጓደኛቸውን ክርን አዩ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በአልጋው ጥግ ዝርግት አሉ። ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ አረፈ።

«አስካለ» አሉ ከታች። «እዚያ ላይ ያለው ኪዳነ ማርያም ነው እንዴ?»

ክርኖቹ ባሉበት ቆሙ።

«የቱ?»

«ያ ጢሙ የረዘመው።»

«ጢሙ የረዘመውማ ከሌላ ደብር የመጣው ልጅ ነው! ኪዳነ ማርያም ከጎኑ ያለው ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም፤ ለማሳየት እጅ ያስፈልጋቸው ነበርና አንደኛውን ክርን አነሱ። ከዚያ ጭንቅላታቸው ወደ ትራሱ ተመለሰ። «ዝም ብለሽ እዪ፣ አሁን ከበሮው ሊገባ ነው።»

ቴዎፍሎስ እጁን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። 

ሦስቱ ሴቶች ቆመው አንገታቸውን ወደ ኋላ ቢጥሉ አልመች አላቸው፤ አንዷ መጀመሪያ ቁጭ አለች፣ ቀጥላም ተጋደመች። አቶ ፈንታሁን ብቻ ሸራቸውን እንደተሸከሙ በሩ ላይ ቀሩ።

«እኔ ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?»

«ወለሉ ብርድ ነው፤ ያንጥፉላቸው» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ዓይናቸውን ከኮርኒሱ ሳይነቅሉ። «በሩንም ይዝጉት፣ መሪጌታው ጠፋብን።»

ሸራው ተነጠፈ። አቶ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከዳር ተጋደሙና፣ «ትንሽ ደብዘዝ አላለም?» ቢሉ፣ «አደራዎን ዝም ይበሉ!» አሏቸው ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

ቴዎፍሎስ የወደቀውን ስልክ አነሳ። ሦስተኛው ፕሮጀክተር እስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ዘጋውና ሳሌም ጋ ደወለ፤ በሹክሹክታ ትልቁን ሊመልስላት መሆኑን ነገራት።

«ትንሹ ይሻላል እንዴ?» አለችው።

«አይሻልም» አለና በአቶ ፈንታሁንና በግድግዳው መካከል አንድ ሰው የምትይዝ ቦታ እንዳለች አይቶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።