በቁም የወረደ ሙሾ

እናቴ ስታለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ መጀመር ያሳፍራል፤ ከዚህ ካልጀመርኩ ግን የቀረውን መናገር አልችልም።

እናቴ ይማርሽ አልቃሽ ናት። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፤ ቀጥሎ እሷ ትጠራ ነበር። እሷ ሙሾ ስታወርድ በደረቅነቱ የታወቀ ሰው እንኳ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ይወስዳል። እኔ ግን አላለቅስም። ከጎኗ ተቀምጬ ድምፅዋ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ ስሰማ ጸጉሬ በደስታ ይቆማል። «ዘንድሮ መንደሩ ሰላም ነው» ሲባል ሌላው ተመስገን ይላል፤ እኔ ይከፋኝ ነበር። አንድ ዓመት እስከ ጾመ ነነዌ ማንም ሳይሞት ቀረና የአንዲት ጎረቤታችንን ሳል ጆሮዬን ጥዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሮጊቷ እስካሁን አሉ፣ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናቸው።

ከለቅሶ ስንመለስ መንገዱ የእኔና የእሷ ነበር። «የቱ ጣመሽ?» ትለኛለች። እኔም እንደ ትልቅ ሰው አስቤ እመርጣለሁ። «ሦስተኛው ላይ ቤት መምቻው ደከመ» ካልኳት ቆም ብላ ታስብና በሌላ ቃል ትተካዋለች፤ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። ሰው ቀብረን እየሳቅን የምንመለስ እናትና ልጅ ነበርን። ከፊት ለፊት ሰው ሲመጣ ካየን ነጠላችንን አዘቅዝቀን ፊታችንን እናጠቁራለን።

ቤት ውስጥ ግን አንዲት ስንኝ አትወጣትም። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማንጎራጎር ሟርት ነው። «ዋ ልጄ! ሞት ቅርብ ነው፣ ሲጠሩት አቤት ይላል» ትለኝ ነበር።

አያ ሀብቴ ሲታመሙ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሙሉ ስማቸው ሀብተ ሥላሴ ነው፤ ለተሳላሚና ለአገር ጎብኚ በቅሎ የሚያከራዩ ጎረቤታችን ናቸው። ሐኪም ቤት ሰንብተው «እቤታቸው ይሁኑ» ተብለው ተመለሱ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል።

እዚህ ላይ የአልቃሽን ምስጢር ልናገር። ጥሩ አልቃሽ ሰው እስኪሞት አትጠብቅም። በሽተኛው ሲጠና ስንኙን በልቧ ታሰናዳለች። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ የሚል ግን አታገኙም። እማዬ ምስር ስትለቅም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና «የአያ ሀብቴ ነው?» አልኳት።

«ዝም በይ! ሥራሽን ሥሪ!»

ሦስት ቀን ለመንኳት። እግሯን ያዝኩ፣ አኮረፍኩ፣ እራት አልበላም አልኩ። ቅዳሜ አባዬ ገበያ ሲወርድ በሩን ዘጋች፣ አማተበች፣ «አንዴ ብቻ፣ በሹክሹክታ» አለችና ጀመረች። ሹክሹክታው ብዙ አልቆየም። ድምፅዋ እሷንም አሸነፋት።

«በቅሎው ተለጉሞ እደጅ ቆሞ ሳለ፣
ሀብቴ በእግሩ ሄደ ቅርብ ነው እያለ።»

ስልኬ ነጠላዬ ሥር ሆኖ ይቀዳ ነበር። እሷ አላወቀችም። ለክፋት አልነበረም። ማንም ሳይሞት፣ ለእኔ ብቻ ብላ ያወጣችው የመጀመሪያው ዜማ ስለሆነ እንዳይጠፋብኝ ፈልጌ ነው። አሁንም ድረስ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሐሰት አይደለም፣ ግን አይበቃም።

ማክሰኞ አያ ሀብቴን ልንጠይቅ ሄድን። እናቴ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ «እግዜር ይማርዎ» ስትል ልጃቸው ምንይችል እኔን ወደ ደጅ ጠራኝና «አዲስ ዘፈን ካለሽ ላኪልኝ አቦ፣ ቤቱ ጨነቀኝ» አለኝ። አሳዘነኝ። ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው ዜንደር «ሁሉንም ምረጥ» ብዬ ያለኝን በሙሉ ላኩለት። መቶ ከምናምን ዘፈን ነው። መሐሉ ላይ የእማዬ ድምፅ መኖሩ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ምንይችል ስፒከሩን አጥር ላይ ሰቅሎ በቅሎዋን ያጥባል። ዘፈኑ እየተከታተለ ሄደ ሄደና የእናቴ ሙሾ ላይ ደረሰ። የአያ ሀብቴ ባለቤት ድምፁን ስትሰማ ባሏ የሞተባት መስሏት ኡኡ አለች። ጎረቤት ኡኡታውንና ሙሾውን አንድ ላይ ሰምቶ ነቅሎ መጣ፤ እንዲያውም አንዱ ዶማውን ተሸክሞ ነው የደረሰው። አያ ሀብቴ ከውስጥ «አለሁ! ኧረ ሰዎች፣ አለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ዛሬ ይህን ሲያወሩት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ሰውየው የራሳቸውን ለቅሶ በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል።

ከሰዓት በኋላ በአያ ሀብቴ ግቢ ሽማግሌ ተቀመጠ። የእኛም የእነሱም የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ሩፋኤል መሐል ላይ ናቸው። እማዬ ቆማለች፣ እኔ ከኋላዋ።

«ይኼን ነገር ማን ቀዳው?» አሉ ቄሱ።

ምንይችል ወደ እኔ ጠቆመ። «ንጋት ናት የላከችልኝ።»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። መናገር የነበረብኝ አጭር ነው፤ ለምኜ አስባልኳት፣ ሳታውቅ ሰርቄ ቀዳሁት። አባዬን ከሽማግሌዎቹ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ አየሁት። ከዚያ የወጣኝ ቃል ይኼ ነው፦ «እማዬ ናት። ስንኙ እንዳይጠፋኝ ቅጂልኝ ብላኝ ነው።»

እማዬ ዞራ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ልክ ትኩሳቴን እንደምትለካ ዓይነት፣ ቀስ ብላ ነው ያየችኝ። ከዚያ ወደ ቄሱ ተመለሰች።

«አዎ አባቴ። እኔ ነኝ ያልኳት።»

«በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ?»

«አዎ።»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ለነገሩ ሙሾን ዱሮም አይወዱትም ነበር፤ ለክርስቲያን ጸሎት ይበቃዋል ባይ ናቸው። መስቀላቸውን አወጡና «ከእንግዲህ በማንም ለቅሶ ላይ ድምፅሽን እንዳታሰሚ ገዝቼሻለሁ» አሏት። እማዬ መስቀሉን ተሳለመች። እኔም ተሳለምኩ። አፍሬ አላውቅም እንደዚያ ቀን፤ ግን ተሳለምኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው እኔን አያውቀኝም። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ሳምንት፣ ከፋሲካ በኋላ እያልኩ ዓመት አለፈ። አያ ሀብቴ እንደሆኑ በወሩ ተነሱ። «ሙሾው አስደንግጦ አስነሳኝ» እያሉ ይቀልዱ ጀመር፣ ቂማቸውም ለቀቃቸው። ግዝት ግን በቀልድ አይፈታም። እማዬ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ወይ ውሃ ለመቅዳት ትነሳለች። ስንመለስ መንገድ ላይ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ እናወራለን። ሰዎች «ሟርተኛ» የሚለውን ስም በሹክሹክታ ለጠፉባት፤ እኔን ደግሞ «እናቷ እንደዚያ ስታደርጋት እሷ ግን ጨዋ ልጅ» አሉኝ። ላሊበላ ሆቴል ተቀጥሬ ሥራ ስጀምር አንዷ ጎረቤት «ከእሾህ መሐል ጽጌረዳ» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ።

እንዲህ አራት ዓመት ሆነን። ባለፈው ኅዳር አባዬ ሞተ።

ስለ አባዬ ስለ ደሳለ ልንገራችሁ። ቁጡ አልነበረም፣ ሀብታምም አልነበረም። ሲያርስ ለበሬዎቹ ያዜማል፤ ድምፁ ደግሞ ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ነው። እማዬ ደጅ ቆማ እየሰማች «ምስኪን በሬዎች፣ ይኼን ሁሉ ችለው ነው የሚያርሱ» ትል ነበር። እሱ ይሰማታል፣ ድምፁንም ይጨምራል። ከክረምቱ ጀምሮ ደረቱን ሲያመው የእማዬ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ለአራት ዓመት ያላየሁት ነገር ነው። ምን እያሰናዳች እንደሆነ አወቅሁ፤ ማለት እንደማትችልም አወቅሁ። በዚያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ከቀብሩ በፊት እናገራለሁ ብዬ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ከጋሸና በኩል ሌላ አልቃሽ መጣች። አባዬን አይታው አታውቅም። ጠመንጃ አንጋች፣ ዱር ቤቴ ያለ ጀግና አደረገችው። የጎረቤት ውሻ ሲጮህበት መንገድ የሚቀይር ሰው ነበር እኮ! እማዬ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ይኼን ሁሉ ሰማች። ከእጇ ሥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሰው ሐዘን መስሎት «አይዞሽ» ይላታል። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እየዘፈነች ነበር፣ ያለ ድምፅ። ተነሺ፣ ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አልተነሳሁም። አባዬ አፈር ገባ።

ሣልስቱ ዕለት ነው የተነሳሁት። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ጸሎት አድርሰው ሊቀመጡ ነው።

«እማዬ ቅጂልኝ አላለችኝም» አልኩ። ድምፄ ወፍራም ሆኖ ወጣ። «የአያ ሀብቴን ነገር ነው። ሦስት ቀን ለምኜ ነው ያስባልኳት። ሳታውቅ ቀዳሁት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ንፍሮ የሚያድሉት ሴቶች ቆሙ። አያ ሀብቴ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «እኔን አፈር ይብላኝ» አሉ፣ «ሴትዮዋን በከንቱ!»

«እውነት ነው ይማርሽ?» አሉ ቄሱ።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፣ እኔንም ለንስሐ እንድመጣ አዘዙኝ። ያቺ የጋሸናዋ አልቃሽ ራሷ ተነስታ ቦታ ለቀቀች። ሴቶቹ መሐሉን ክፍት አድርገው ዞሩ። ሁሉም እማዬን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ፣ ልደብቀው አልችልም፣ በዚያ ሐዘን መሐል እንኳ ጆሮዬ ቆሞ ነበር። ያን ድምፅ ናፍቄው ነበር።

«ደክሞኛል» አለች እማዬ። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ንፍሮ ቅመሱ።»

ሰው ሲበተን ጓሮ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘኋት። «ለምን አላልሽም? ተፈታ እኮ» አልኳት።

«ለማን ልበለው? ሰውዬው አፈር ገብቷል። ሦስት ቀን ቀድመሽ መናገር አቅቶሽ ነው?»

ብርጭቆውን አለቀለቀችና ደፋችው።

«ያን ቀን አዎ ያልኩት ልጄን ውሸታም እንዳይሉብኝ ነው። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሟርተኛ ቢሉኝ ምን ይጎድልብኛል ብዬ። አራት ዓመት አፌን ዘጋሁ። አባትሽን እንደ ባዳ ዝም ብዬ ሸኘሁት። ያን ሁሉ የቻልኩለትን ስምሽን ነው ዛሬ ሰው ፊት ያፈረስሽው። ለእኔ ብለሽ ነው የተናገርሽው፣ ወይስ እንዲቀልልሽ?»

«እንዲቀልለኝ» አልኩ። ከአራት ዓመት ወዲህ ለእሷ የነገርኳት የመጀመሪያው እውነት ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ቀለለሽ?»

«አልቀለለኝም።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና፣ የጨው ዋጋ እንደምትነግረኝ ያህል፣ በተራ አነጋገር እንዲህ አለችኝ፦

«ድምፅህ አይጥምም ብዬ ስስቅብህ ኖሬ፣
ዝም ስትል ጊዜ ጣመኝ ገና ዛሬ።»

«ይኼ ነበር የአባትሽ» አለች።

«ዜማውስ እማዬ?»

«ዜማውን ታውቂዋለሽ።» ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች።

አውቀዋለሁ። ስንኙም ዜማውም አሁን እኔ ዘንድ ነው። አርባው ወጣ፣ መንፈቁም ደረሰ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ፣ አፌን ከፍቼ፣ እስከ ዛሬ አላልኩትም።