ዐሥራ አንድ ደቂቃ የኖረው ሕግ

በመርሳ ሩማና ስለ ባሕር የሚነጋገር ስብሰባ ሲጠራ ባሕሩ ራሱ አፍሮ አንድ ክንድ ይሸሻል። ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሙዚቃ ጓዱ አዳራሽ የታጨቀው ሕዝብ ማልታን ባንድ ጎኗ አዘንብሎ ሊያሰምጣት ምንም አልቀረውም። ከመታጠቢያ ገንዳ ሌላ ውሃ የማያውቅ ሁሉ መጥቷል፦ የባሕር ዳር ጃንጥላ አከራዩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጀልባ ሥዕል ስታይ እንኳ የሚያስመልሳት የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት። አጀንዳው አንድ ነው፤ በባሕር የሚመጡትን ስደተኞች ምን እናድርጋቸው?

ዊስቲን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሃምሳ ሰባቱን በባሕር ላይ አሳልፏል። ከዓሣ ማጥመድ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሰባት ሰዎች ከውሃ አውጥቶ በጀልባ ማኖሪያው ውስጥ ሸሽጓል፤ ይህንንም በመንደሩ ከእህቱ ከጁዲታ በቀር ማንም አያውቅም። ጁዲታ ስደተኞችን ለሚመለከተው የመንግሥት ክፍል ደውላ ነበር።

«እሑድ ነው እኮ እመቤቴ። አውቶቡሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያ እንዳያመልጡሽ» አሏት።

«ወዴት ነው የሚያመልጡት? ተመልሰው ወደ ውሃው?» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው።

መድረኩ ላይ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር ጃንማሪ ቆሟል። በመርሳ ሩማና ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ የእሱ «ጥሩምባው» ነው። ሲናገር ሲሲሊ ያሉ ዶሮዎች እንቁላላቸውን ጥለው ይነሣሉ። ሆዱ ከእሱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ስብሰባ ይገባል።

«ወገኖቼ! እኛ ደግ ሕዝብ ነን!» አለ ጥሩምባው፤ ተጨበጨበ። «ደግነት ግን ልክ አለው!» የባሰ ተጨበጨበ።

ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ጥበቡን አፈሰሰ። ጃንጥላ አከራዩ፣ «ውሃና ብስኩት ሰጥተን ጣሊያን በዚያ በኩል ነው ብለን በጣት ማሳየት ነው» አለ። የጥርስ ሐኪሙ፣ «እኔ ዘረኛ አይደለሁም» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ መጻፍ ወረቀቱን ማቆሸሽ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ደግሞ፣ «እንርዳቸው እንጂ! ግን ሩቅ ሆነው፤ እዚያው አገራቸው ሳሉ፤ እኛም ሳናያቸው» ብላ እንባዋን በመሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ደረቅ ነበር።

«የዚህች ሴትዮ ርኅራኄ በመነጽር ካልሆነ አይታይም» አለች ጁዲታ በወንድሟ ጆሮ።

«ዝም በይ፤ ይሰሙሻል።»

«ቢሰሙ ጥሩ ነበር። ጆሮ አላቸው እንዴ?»

ጥሩምባው ወደ ዋናው ነገር ገባ። የመርሳ ሩማና ዓሣ አጥማጆች የዘንባባ ቅጠል ከቡሽ ጋር አስረው፣ በድንጋይ አስጥመው፣ በባሕሩ ላይ በረድፍ ያንሳፍፋሉ። «ጥላ» ይሉታል። ላምፑኪ የሚሉት ዓሣ ፀሐይ ሸሽቶ ከሥሩ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ አጥማጅ በዕጣ የደረሰው አንድ ረድፍ አለው፤ ረድፉን ያጣ፣ እስከ ገና ጀልባውን ይቀባ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ዐሥራ አራተኛው ረድፍ የጃንማሪ ነው፤ ዓሣው እርስ በርሱ እየተገፋፋ ወደ ጀልባ የሚዘልበት፣ ከረድፎች ሁሉ የሰባው። ዐሥራ አምስተኛውና የመጨረሻው የዊስቲን ነው፤ እዚያ አንድ ዓሣ ከተገኘ መንገድ ጠፍቶት ነው።

ከዋና ከተማዋ ከቫሌታ የመጣው ጠበቃ የውሳኔውን ሐሳብ አነበበ። «ከዛሬ ንጋት ጀምሮ ከባሕር የተገኘ ሰው በማንም ጀልባ ተጭኖ ወይም በማንም ጥላ ተደግፎ ወደባችን ቢደርስ፣ የጀልባው ወይም የጥላው ባለቤት ረድፉን ያጣል። ረድፉም ለሚቀጥለው ጎረቤት ረድፍ ባለቤት፣ የመጨረሻው ረድፍ ከሆነም ከእሱ በፊት ላለው ጎረቤት ይተላለፋል።»

«ጥላው ለምን ገባ?» ሲል ጠየቀ መረብ ጠጋኙ ሽማግሌ ናርዱ።

ጠበቃው ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ቀዳዳ ለመድፈን ነው። አንዱ ብልጥ ተነሥቶ ‹እኔ አልፈለግኳቸውም፤ ራሳቸው ጥላዬ ላይ ተንጠለጠሉ› እንዳይል።»

ጥሩምባው በጠበቃው ብልጠት ኮርቶ ዊስቲንን በዓይኑ ፈለገው። ጥሩምባውም ዊስቲንም ነገሩን ያውቁታል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ዊስቲን ሦስት ሰዎች ከባሕር አውጥቶ ነበር። ሕጉ የተሰፋው በእሱ ልክ ነው። አውቶቡሱ ከምሳ በኋላ ሰባቱን ሊወስድ ሲመጣ አገር ሁሉ ያያል፤ ረድፉም ያኔውኑ ሄደ።

«የሚደግፍ!»

እጅ እንደ ደን በቀለ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የጥሩምባው የራሱ እጅ ነው፤ ያውም ሁለቱም።

«አለቀ! ጸደቀ!»

ዊስቲን የዚያን ጊዜ ተነሣ። ንግግር አያውቅም፤ በሰርጉ ቀን እንኳ «አዎ» ያለችለት ጁዲታ ናት።

«ጃንማሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዐሥራ አራተኛው ረድፍ የማን ነው?»

«ይሄ ጥያቄ ነው? የኔ ነዋ! የአባቴም ነበር! ድንጋዩም ቡሹም የኔ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃም የኔ! ምን አስጠየቀህ?»

«ዛሬ ጠዋት ወደኔ ረድፍ ሳልፍ፣ ያንተን ሦስተኛ ጥላ ሰባት ሰዎች ይዘውት አገኘሁ። ሌሊቱን ሙሉ እሱ ላይ ተንጠልጥለው ነው ያደሩት። ወደብ ያደረስኳቸው ግን እኔ ነኝ። ያው በኔ ጀልባና ባንተ ጥላ።»

ዝንብ እንኳ ክንፏን አጥፋ አዳመጠች።

«ምን አገባኝ?» አለ ጥሩምባው። «ጥላው ለዓሣ ነው! ሰው አላዘዝኩም!»

ናርዱ ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ። «ተው ልጄ፣ ተው። ልማዳችን ‹ከጥላ ሥር የተገኘ ሁሉ የባለ ጥላው ነው፤ ሌላ ሰው ያነሣው እንደሆነ በደጁ ያደርስለታል› ይላል። ዓሣ አይልም። አባትህ ከጥላው ሥር ሌላ ሰው ያነሣውን የጣሊያን ወይን ሣጥን በዚህ ልማድ አይደል ደጁ ድረስ ያስመጣው? ስንት ፋሲካ ነው ይህን ስትተርክልን የኖርከው?»

«ሰባት ሺህ!» ብሎ አንዱ ከመሃል ጮኸ።

ጁዲታ ጣቷን እያጠፈች ማስላት ጀመረች። «ቆይ፣ ቆይ። ዊስቲን በጀልባው ስላመጣ ረድፉን ያጣል፤ ለጎረቤቱ ለጃንማሪ ይሰጣል። ጃንማሪም በጥላው ስላመጣ ረድፉን ያጣል፤ ለጎረቤቱ ለዊስቲን ይሰጣል። ኧረ እልል በሉ! ተለዋወጡ ማለት አይደለም እንዴ?»

ሳቁ ጣራውን አንሥቶ መልሶ ከደነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለጥሩምባው ነው። የሰባውን ረድፍ ሰጥቶ፣ መንገድ የጠፋው ዓሣ ሊጠብቅ ነው። ወደ ጠበቃው ዞረ።

«ጠበቃዬ፣ እንዲህ ይላል እንዴ?»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ቀዳዳ አልተውኩም» አለ በሐዘን።

«እንግዲያው ቀዳዳ ክፈት! ሕጉ... ሕጉ ጥናት ያስፈልገዋል! እኛ ደግ ሕዝብ ነን! ይሰረዝ የሚል?»

አሁንም እጅ እንደ ደን በቀለ፤ ያው እጅ፣ ያው ብብት። ነገር ግን ማኅበሩ የጸደቀ ሕግ የሚሰርዘው የሚነካቸው አጥማጆች ሁሉ ሲስማሙ ነው። የዊስቲን እጅ ጉልበቱ ላይ ነበር።

ሁሉም ዞሮ አየው። ዊስቲን ቅዱስ አይደለም። ዐሥራ አራተኛው ረድፍ በዓይኑ ሄደ፤ ከጀልባ ጠርዝ የሚፈስስ ብርማ ዓሣ ታየው። ሕጉ ከኖረ ያ ሁሉ የእሱ ነው። ሕጉ ከኖረ ግን ማክሰኞም፣ ሐሙስም፣ ጥላ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ወይ ዓይኑን ይጨፍናል ወይ ረድፉን ይሰጣል። ሌላውም አጥማጅ እንዲሁ። የሚጨፍኑትን ደግሞ አንድ በአንድ በስም ያውቃቸዋል።

«በናትህ ዊስቲን፣ ወንድሜ» አለ ጥሩምባው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ድምፅ።

ዊስቲን እጁን አነሣ።

ናርዱ ሰዓቱን አየ። «ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ከአዳም ወዲህ እንዲህ አጭር ዕድሜ ያለው ሕግ አልተሰማም።»

«ሕጉስ ሞተ» አለች ጁዲታ። «ልማዱ ግን ቆሟል። ደጅህ ድረስ እናመጣልሃለን፣ ክቡር ሊቀመንበር።»

ሄዳ ይዛቸው መጣች። በጀልባ ማኖሪያው የተገኘ ደረቅ ጨርቅ የደብሩ በዓል ቀያይ የሐር ባንዲራዎች ብቻ ስለነበሩ ሰባቱም ወርቅ ዘርፍ ያለው ሐር ተጎናጽፈው ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ሳያስበው ተነሥቶ ቆመ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አማተበች። ከፊት ያለችው ኢቲዳል የምትባል ረጅም ሱዳናዊት ነበረች፤ በባዶ እግሯ፣ ቀኝ እጇ በገመድ ተልጦ፣ ከጨው የተነሣ ቅንድቧ ነጥቷል።

ጥሩምባው ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላው፣ ከእነሱ ኋላ መላው መርሳ ሩማና አደባባዩን አቋረጠ። ሰልፍ ባየ ቁጥር ከበሮ ካልመታ የማያርፈው ከበሮኛ ሁለት ጊዜ ደለቀና በግልምጫ ተገታ። ከጥሩምባው ቤት የላምፑኪ ቂጣ ሽታ ይወጣል፤ ሚስቱ ምሳ እያወጣች ነው።

ጥሩምባው ደጁ ላይ ቆመ። ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉን አወጣ፤ ቁልፉን መልሶ ከተተ። ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ ምናልባት አንድ ሰው «ተወው» ይለው እንደሆነ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮህ የቆየው ሕዝብ ጫማውን ያይ ነበር።

ኢቲዳል ማልትኛ ተምራ አታውቅም፤ ማልትኛ ግን የዐረብኛ ልጅ ነው። በዐረብኛዋ አንዲት ቃል ተናገረች፤ ጥሩምባው ልጅ ሳለ እናቱ ከውጭ ሆና ስታንኳኳ የምትለው ያው ቃል ነበር።

«ኢፍታሕ።»

ጃንማሪ ሳያስበው ከፈተ።