ያጠሩ ቡቃያዎች

ሚጢ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አልጋው ላይ በአፍ ጢሟ ተደፋች። ሊጠይቋት መጥተው የሰነበቱት እናቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ። ይቺ ልጅ ድሮም ሲከፋት ወሬ አታበዛም፤ ትተኛለች።

"ማን ነካሽ?" አሏት።

"ማንም። ዘሬ ተበላሽቷል።"

እናትየው ድንግጥ አሉ። ዘሩን ያውቁታል። የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ሚጢጢ ተክል ናት፤ ልጃቸው በእሷ የተነሳ ፀጉሯን ማበጠር ከረሳች ቆየች። ትምህርቷን የምትጨርሰውም በዚያች ተክል ላይ በምትሠራው ምርምር ነው።

ቀስ እያሉ አስወሯት፤ እሷም አስረዳቻቸው። ቡቃያ ጨለማ ውስጥ ሲሆን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል። አፈር ሲጫነው ግን ኤትሊን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ እንደ አየር ያለ ጋዝ ነው። ያን ጊዜ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ አንገቱን ይደፋል። ወሬውን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው አንድ ፕሮቲን ነው። ሆርሞኑ ከሌለ ፎስፌት የምትባል ኢምንት ነገር ፕሮቲኑ ላይ ተለጥፋ ዝም ታሰኘዋለች። ሆርሞኑ ሲመጣ መለጠፉ ይቀራል፤ ፕሮቲኑ ይቆረጥና ቁራጩ ወሬውን ይዞ ወደ ሴሉ እምብርት ይሮጣል።

"አባትሽን በይኛ" አሉ እናትየው። "አፉን ካልያዙለት የሰው ምስጢር የሚዘረግፍ።"

ሚጢ ሳትወድ ፈገግ አለች።

እሷ የሠራችው ዘር ፎስፌቷ የምትለጠፍበት ቦታ የተቀየረበት ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑን ዝም የሚያሰኘው የለም፤ ሆርሞን ኖረም አልኖረም ቡቃያው አጭር ነው። ተራው፣ ያልተነካው ዘር ግን ሆርሞን ከሌለ መርዘም አለበት። የሥራዋ ሁሉ ማስረጃ ይኸው ልዩነት ነው። ዛሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘሮቹ የሚበቅሉበትን የጨለማ ቁምሳጥን ስትከፍት ተራዎቹም ድንክ ሆነው አገኘቻቸው። አለቃዋ አይቶ፣ ዘሮቹ ተደባልቀዋል፣ እስከ ዛሬ ያገኘሽውም አይታመንም፣ ከሀ ትጀምሪያለሽ ብሏታል።

 እናትየው፣ ሆርሞኑ ከሌላ ቦታ መጥቶ ቢሆንስ አሏት። ሚጢ ፊቷን ትራሱ ውስጥ እንደቀበረች፣ ከየት ይመጣል፣ የጋዙ ጠርሙስ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል፣ ጭስ የለ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የለ፣ አለች።

"የበሰለ ምን?"

"ፍራፍሬ። ሲበስል ያንኑ ጋዝ ያወጣል።"

እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በቀደም ቤተ ሙከራዋ ድረስ ሙዝ ይዘውላት ሄደው ነበር። ሚጢ ስብሰባ ላይ ሆነች። የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ፣ እማማ እዚህ ምግብ አይቀመጥም ስትላቸው እሺ ብለው፣ ዞር ስትልላቸው ቁምሳጥኑን ከፍተው በፎይል ከተጠቀለሉት የዘር ሳህኖች ኋላ ሸጎጡት። ልነግራት እያሉ ረሱት።

ዝም ልበል ይሆን አሉ በሆዳቸው። አምላካቸውን ፈሩ። ደግሞስ የልጅ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ እያዩ እንዴት ዝም ይባላል?

"ሚጢዬ፣ ሙዝ አስቀምጬልሽ ነበር። ከሳህኖችሽ ኋላ።"

"የቱ ሙዝ?"

"ደህና አድርጎ የበሰለ። እንዳይበሉብሽ ብዬ ነው የደበቅኩት።"

ሚጢ ብድግ አለች። እናትየው ቁጣ ሲጠብቁ፣ ልጅት አፏን ከፍታ አየቻቸው፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ሳቁም ከለቅሶ ተቀላቀለ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

"አንቺ ሴትዮ ልትገድይኝ ነበር እኮ! እማዬ፣ ጋዝ ከሆነ እኮ ዘሬ ደህና ነው።"

አለቃዋ ግን ካላየሁ አላምንም አለ። የጠቆረው ሙዝ ተጥሎ፣ ቁምሳጥኑ ተናፍሶ እንደገና ተዘራ። ቡቃያዎቹ እስኪወጡ እናትየው እንቅልፍ የሚባል አላዩም። ሊጸልዩ ቆመው ስለ ቡቃያ ምን ተብሎ እንደሚለመን ጠፋቸው፤ "ጌታዬ፣ ተራዎቹን አስረዝምልኝ" ብለው ተዉት።

አንድ ቀን እቃ እያጠቡ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሚጢ ናት። ተራዎቹ እንደ ክር ቀጥነው ተመዘዋል፣ የኔዎቹ ድንክ ናቸው፣ አለቃዬም አይቶ ቀጥዪ ብሎኛል አለቻቸው።

እናትየው ተመስገን አሉ። ስልኩን ዘግተው፣ እቃውን ከነአረፋው ትተው፣ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃውን ሳይዘጉ ከነጫማቸው ጋደም አሉ። ሚጢ ማታ ስትገባ እያንኮራፉ አገኘቻቸው።