ሰው የሞላባት መኪና

ማህዲ የጅዳ ዘመኑን የፈጀው መኪና ሥር ተጋድሞ ነው። የመኪናን ክብደት በሚሸከመው ሞላ ነገር ከእሱ ወዲያ ላሳር! አገሩ አምባሰል ሲመለስ ግን የገዛው ዝቅ ያለች የቤት መኪና ሆነ። ለአስፋልት እንጂ ለመንደሩ ኮረኮንች የምትሆን አልነበረችም። እናቱ ዑምኩልሱም ግን ደስታዋን አልቻለችውም።

አንድ ጠዋት እናቱ ደረቷን ይዛ ወደቀች። ማህዲ ሐይቅ ከተማ ሳለ ተደወለለትና እየበረረ መጣ። ዳገቱ ላይ፣ መሀል መንገድ የተገተረውን ድንጋይ በጥንቃቄ አለፈው። የመኪናዋን ሆድ ሳይነካ የቀረው ለጥቂት ነበር።

ጎረቤቱ ቃሬዛ አዘጋጅቶ ጠበቀው።

«መኪና እያለ ቃሬዛ ምን ያደርጋል?» አለ ማህዲ።

እናቱን ከኋላ አስገባት። አክስቱ መስኡዳ ደግፋ ያዘቻት። አያ ኑርዬ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸውና ከፊት ተቀመጡ። ሌሎችም ተጠጋግተው ገቡ። እዚያ አገር ታማሚ ያለ አጃቢ አይሄድም፤ የሰዉ ፍቅር እንኳ በኪሎ ነው።

ማህዲ ጎንበስ ብሎ አየ። ሞላው ተጨፍልቋል፤ የመኪናዋ ሆድ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ባዶዋን ያሳለፋት ድንጋይ አሁን እንደማያሳልፋት አወቀ። «ውረዱ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። አረብ አገር ሄዶ ሰው ናቀ እንዳይባል ፈራ።

«ምነው ቆምህ? አብሽር፣ ቢስሚላህ በልና ንዳ እንጅ!» አሉ አያ ኑርዬ።

ድንጋዩ ጋ እንኳ ለአፍታ ውረዱልኝ ማለት ይችል ነበር። ሽማግሌ በእግሩ ሊያስኬድ? አሁንም አፈረ። በጎን ሊያልፍ ሲሞክር መኪናዋ ጓ አለች። የሞተር ዘይት የሚይዘው ኮፓ ተሰንጥቆ ዘይቱ መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ።

ያኔ ሁሉም ወረዱ።

ሰው ቃሬዛውን ሊያመጣ ወደ መንደር ሮጠ። ዑምኩልሱም የልጇን እጅ ይዛ፣ «መኪናህ ተሰበረችብህ፣ ልጄ?» አለችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ቃሬዛው ሲደርስ ወደ ሐይቅ ሐኪም ቤት መውሰዱ ቀረና ወደ ቤቷ መለሳት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ማህዲ ኮፓውን አስበየደ። መኪናዋን ሊሸጥ ብቻውን እየነዳ ወጣ። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ መኪናዋ ስትነካው አልተሰማውም። መኪናዋን እዚያው አቁሞ ወረደና ተንበረከከ። በሆዷና በድንጋዩ መካከል እጁን አስገባ። መዳፉ ያለ ችግር ገባ።

«ውረዱ!» ብሎ ጮኸ።

የሚወርድ ሰው አልነበረም።