ለግድግዳ የሚራገፍ ምራቅ

ዋሽንት ሲነፋ ምራቅ ያጠራቅማል። ይህን የማያውቅ ዋሽንተኛ የለም፤ ሰው ፊት የሚያራግፈው ግን ባለጌ ብቻ ነው። የኛም ዋሽንተኛ ከአባቱ ከዜማ በፊት የተማረው ይህንኑ ነው፦ ወደ ግድግዳ ዙር፣ አራግፍ፣ የዋሽንቱን አፍ ጥረግ፣ ከዚያ ወደ ሰው ተመለስ።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ ከኮምፒውተሩ ዓይኑን የማይነቅል ረጅም ሰውዬና ቫዮሊኗን በማበጠሪያ የምትፍቅ ሴትዮ። ባሕር ተሻግረው የመጡት ያልተዘጋጀ ሙዚቃ አብረው ሊፈጥሩ ነው ብላ ታናሽ እህቱ ተረጎመችለት። ይሁን። እሱም የሚፈልገው ነገር ነበረው። የአባቱ ጆሮ ከወር ወር እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይዘጋ፣ ያስተማሩትን ዜማ አንዴ መድረክ ላይ ሊያሰማቸው ፈለገ። ሰውዬውም የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ያንተ ነው ብሎታል።

የሚለማመዱት ምንጣፉ በሻገተ ምድር ቤት ነበር። እርጥብ ካልሲ ይሸታል። የማበጠሪያው ድምፅ ጥርስ ያስነክሳል። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ማይክሮፎኑን አፏ ውስጥ ከትታ ታላምጥ ጀመር፤ ዋሽንተኛው ወደ እህቱ ዞረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሰውነት ድምፅ ነው ይላሉ።»

«የሰውነት ድምፅማ ሽንት ቤትም ሞልቷል።»

«ልተርጉምላቸው ጋሼ?»

«ተይ፣ እንግዶች ናቸው።»

በማግስቱ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳ ዞሮ አራገፈ። ቀና ሲል ጥግ ላይ የተደበቀች ትንሽ ማይክሮፎን አየ። ሰውዬው አንድ ነገር ሲጫን የዋሽንተኛው የገዛ ምራቅ በሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ክፍሉን ሞላው። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል።

«ከዜማው ይልቅ እውነተኛው አንተ እዚህ ውስጥ ነህ ይላል» አለች እህቱ መሬት መሬት እያየች። «እንጠቀምበት ወይ ይላል። ካልፈለግክ እምቢ በል።»

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ግን ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለ፤ ሰው ከአገሩ ድረስ መጥቶ እየለመነህ ፊት ለፊት እምቢ አይባልም። መሃል ላይ ትንሽ ጣል ያደርገዋል፣ አባባም ያን ያህል አይሰሙትም ብሎ ራሱን አታለለ።

«እሺ» አለ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ያቺ እሺ ግን ምራቅም አታህልም።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት ነበር። አባቱ ካፖርታቸውን ለብሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በደንብ ይስሙ ብሎ ራሱ ነው ድምፅ ማጉያው ሥር ያስቀመጣቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፍቂያና ማላመጥ ያለ ቅሬታ ቻሉ። በመጨረሻ ልጃቸው ዜማውን ጀመረ። የአባትየው ጣት ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረች፤ እየሰሙት ነው። ደስታው ትንፋሹን ሊያስተው ምንም አልቀረው።

ያኔ ሰውዬው ኮምፒውተሩን ተጫነ። ምራቁ ከድምፅ ማጉያው ወጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ እያደገ መጥቶ ዜማውን ዋጠው። ሕዝቡ አጨበጨበ። የአባትየው ጣት ቆመች። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ጉንጫቸውን ጠረጉ።

ከመድረክ ሲወርዱ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ዋሽንተኛውን አቀፈው። ገላው ሁሉ ተጸየፈ፤ ሰውዬውን ይሁን ራሱን፣ አልለየም። ሰውዬው የሽማግሌውን እጅ ጨብጦ እንዴት ነበር አለ።

«ሰማሁ በይው» አሏት ለልጃቸው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ጠይቀውህ ነው?»

«ጠይቀውኝ ነው አባባ።»

«ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ዋሽንቱን ሰጣቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው አራገፉት፣ አፉን በመሐረቡ ጠረጉና ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

«እነሱስ እንግዶች ናቸው፣ አላወቁም» አሉ። «አንተ ግን ታውቅ ነበር።»